ወረቀት ሳትሞዪ እንዳትወጪ

ሚሚዬ፣

የዶርም ጓደኛሽ ትናንት ማታ ደወለችልኝ። እንዳትቆጪያት፤ ጨንቋት ነው። ዕቃሽን ሸክፈሽ፣ ለማንም ሳትናገሪ ወደ አዲስ አበባ ልትመጪ ነው አሉ። ፒያሳ ካፌ ተቀጥረሽ እናትሽን ልታሳክሚ።

እናትሽ ደህና ናት። ስኳሯ ተስተካክሏል፤ የጤና መድን ደብተሯንም አሳድሼላታለሁ። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ወረቀት ሳትሞዪ ከግቢ እንዳትወጪ።

ትምህርት ማቋረጤን ታውቂያለሽ። የወረቀቱን ነገር ግን ነግሬሽ አላውቅም፤ ሁልጊዜ በአያትሽ ሞት አሳብቤ አልፈዋለሁ። በ1991 ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። መርዶው ሲደርሰኝ ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ አገር ቤት ገባሁ። ታናናሾቼ ምን ይብሉ ብዬ በዚያው ቀረሁ። በዓመቱ ስመለስ የሬጅስትራሯ ሴትዮ ፋይሌን ገለጠችው። ከላይ እስከ ታች ኤፍ ነው። «ምነው ልጄ፣ የማቋረጫ ወረቀት፣ ዊዝድሮዋል ሞልተህ ብትሄድ ኖሮ እኮ ዛሬ ትመዘገብ ነበር» አለችኝ። አልተቆጣችኝም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ይኸው ስድስት ኪሎ አጠገብ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ። ሽፋኑ ላይ በወርቃማ ፊደል ስም ባተምኩ ቁጥር ያንቺን አስባለሁ።

ለጓደኛሽ ወጪ መጋራቱ ዕዳ ሆኖ ተቆለለብኝ ብለሻታል። ዛሬ ማን ጠየቀሽ? ተመርቀሽ ሥራ ስትይዪ ነው ከደመወዝሽ የሚቆረጠው። የመውጫ ፈተናው አስፈርቶሽ ከሆነም ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ብትወድቂም ደግመሽ ትፈተኛለሽ።

ሰኞ በጠዋት ሥርዓተ ፆታ ቢሮ ሂጂ። ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች ምን እንዳላቸው ጠይቂ፤ ቱቶሪያልም ቢሆን። ምሳ እየዘለልሽ መሆኑንም ንገሪያቸው። እኔ አፍሬ ዝም ብዬ ነው የጠፋሁት።

በቴሌብር 2000 ብር ልኬልሻለሁ። ሃንዳውት ኮፒ አድርጊበት፣ ሞዴስ ግዢበት። ለእናትሽ መልሰሽ እንዳትልኪ! ባለፈው ያደረግሽውን ደርሼበታለሁ።

የግድ ከሆነብሽ ነይ ልጄ። ቤትሽ ነው፤ በሩን የሚዘጋብሽ የለም። ግን ፎርሙን ሞልተሽ፣ አስፈርመሽ፣ ኮፒውን ቦርሳሽ ውስጥ ከተሽ። ወረቀት ሳትሞዪ እንዳትወጪ አልኩሽ።

ሹራብሽን ለጎረቤታችን ልጅ ሰጥቻታለሁ። እሁድ ትደርሳለች፤ መናኸሪያ ወጥተሽ ጠብቂያት። በሶው ከታች ነው፤ ለጓደኛሽም አካፍያት።

አባትሽ