«ጧ» የሚለው ወጥመድ ከምግብ አጠገብ ይነሳልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሥራዬ ምግብ የሚዘጋጅባቸውን ቦታዎች ንጽህና መከታተል ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ የበራሪ ነፍሳት ወጥመዶች ነው። ሰው እነዚህን ዕቃዎች ሲገዛ ሁለት ነገር ይጠይቃል። «ስንት ቮልት ነው?» እና «ስንት ካሬ ይሸፍናል?» ከዚያ ሰማያዊ መብራቱን አብርቶ ያያል፣ ከፍሎ ይወጣል። ሁለቱም ጥያቄዎች ዋናውን ጉዳይ አይነኩም። ዋናው ጉዳይ ነፍሳቱ ከሞተ በኋላ የት እንደሚሄድ ነው።

ወጥመዶቹ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በብርሃን ስቦ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚመታው ነው። «ጧ» የሚለው እሱ ነው። ሁለተኛው በብርሃን ስቦ በሚያጣብቅ ሰሌዳ ላይ ይዞ የሚያስቀረው ነው። ይሄኛው ድምፅ የለውም። ድምፅ ስለሌለው ብቻ ብዙ ሰው የማይሠራ ይመስለዋል። ጩኸቱ ግን የሚነግረን አንድ ነገር መመታቱን ብቻ ነው። ምን እንደተመታና ስብርባሪው የት እንዳረፈ አይነግረንም።

ማመን የፈለገ ሰው በኤሌክትሪክ የሚመታ ወጥመድ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ያለውን መደርደሪያ በነጭ ጨርቅ ጠርጎ ይይ። ከወጥመዱ ትሪ ውጭ የወደቀ ክንፍ፣ እግር፣ አንዳንዴም ግማሽ ገላ ያገኛል። ያ እንግዲህ በዓይን የሚታየው ነው። የባሰው የማይታየው ነው። በአሜሪካ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። በቤት ዝንቦች ላይ ባክቴሪያና ቫይረስ አደረጉ። ከዚያ ዝንቦቹ በኤሌክትሪክ ወጥመድ እንዲመቱ አደረጉና በአካባቢው የተበተነውን ለኩ። ዝንቡ ሲመታ ተሕዋስያኑ አብረው ወደ አየር ይወጣሉ። በተለይ በገላው ላይ ተለጥፈው የነበሩት፣ ከዋጣቸው ይልቅ በብዛት ይበተናሉ። ዝንብ ደግሞ ከየት ተነስቶ ወደ ምግባችን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሳልሞኔላንና ሺጌላን የመሳሰሉ ተሕዋስያንን በእግሩና በገላው ፀጉር ይዞ ይዞራል።

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው። ምግብ በሚከተፍበት፣ በሚበስልበት፣ በሚሸጥበትና በሚበላበት ክፍል ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚመታ ወጥመድ ቦታ የለውም። እዚያ የሚያስፈልገው የሚያጣብቀው ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሚያወጣው የምግብ ደንብ እኔ ከምለው ይልቅ ለዘብ ይላል። በኤሌክትሪክ የሚገድል መሣሪያ ነፍሳቱን በውስጡ ይዞ የሚያስቀር መሆን አለበት ይላል። ምግብ ከሚዘጋጅበት ቦታ በላይ እንዳይሰቀልም ይከለክላል። የሞተ ነፍሳትም ሆነ ስብርባሪው ተፈናጥሮ በምግብ ወይም በንጹህ ዕቃ ላይ እንዳያርፍ ያዛል። ይህን ሁሉ በአንድ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ማሟላት ከባድ ነው። ሰሌዳውን መግዛት ይቀላል።

ወደ ብርሃኑ ልምጣ። እዚህ ላይ ገዢ በብዛት ይታለላል። ዝንብን የሚስበው እኛ የምናየው ሰማያዊ ቀለም አይደለም። የሚስበው ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረቱ ደህና አምፖሎች ብርሃናቸው የሚበረታው 365 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ላይ ነው። በርካሽ የሚሸጡ ብዙ የኤል ኢ ዲ ወጥመዶች ግን ከ395 እስከ 405 ናኖሜትር ባለው ላይ ያበራሉ። እሱ ለእኛ ዓይን ደማቅ ወይን ጠጅ ሆኖ ይታያል። ለዝንብ ደካማ ነው። እና ሻጩን «የሞገድ ርዝመቱ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ካርቶኑ ላይም መመሪያው ላይም ካልተጻፈ፣ ሻጩም ካላወቀው፣ ያን ዕቃ ተዉት።

ኤል ኢ ዲ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በትክክለኛው ሞገድ የተሠራው ጥሩ ዕቃ ነው። መብራት ይቆጥባል፣ ዕድሜው ፍሎረሰንት ከሚባለው ባለ ቱቦ አምፖል ይረዝማል፣ ሜርኩሪም የለበትም። ፍሎረሰንቱ ሜርኩሪ ስላለበት ሲሰበርም ሲጣልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምግብ ባለበት ቦታ ፍሎረሰንት የሚጠቀም ሰው ሲሰበር ስባሪውን የሚይዝ የፕላስቲክ ሽፋን ያለውን ይግዛ። ይህን አለመጠየቅ ትልቅ ስህተት ነው። ያልተሸፈነ አምፖል በሊጥ ላይ ቢረግፍ ሊጡ ሁሉ ይደፋል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ አምፖሉ እየበራ «ሊሞት» መቻሉን ነው። ፍሎረሰንቱ ለዓይን እንደ አዲስ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። የሚወጣው አልትራቫዮሌት ግን ከወር ወር እየቀነሰ ይሄዳል። ለዚህ ነው በዓመት አንዴ መቀየር ያለበት። በርቷልና ይሠራል ማለት አይቻልም። አምፖሉ ሲገባ ጫፉ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ መጻፍ ቀላሉ መላ ነው። ነፍሳት የሚበዙበት ወቅት ሊገባ ሲል መቀየር ደግሞ የበለጠ ያዋጣል፤ አዲሱ ጉልበት በሚያስፈልግበት ጊዜ ይደርሳል።

ስለ ስፋቱም አንድ ነገር ልበል። «መቶ ካሬ ይሸፍናል» የሚለው ጽሑፍ ክፍሉ ጨለማ፣ ባዶና ቀጥ ያለ ቢሆን ነው። እውነተኛ ክፍል መደርደሪያ አለው፣ ምሰሶ አለው፣ መስኮት አለው። ዝንቡ ብርሃኑን ካላየው አይመጣም። ከአንድ ትልቅ ይልቅ በየማዕዘኑ የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ወጥመዶች ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሠራሉ።

አቀማመጡ ከምርጫው አይተናነስም። ጥሩ ወጥመድ መጥፎ ቦታ ተሰቅሎ አያለሁ። የመጀመሪያው ጥፋት ከመስኮት አጠገብ መስቀል ነው። የቀን ብርሃን ራሱ አልትራቫዮሌት አለው። አምፖሉ ከፀሐይ ጋር ተፎካክሮ አያሸንፍም። ሁለተኛው ጥፋት በር ፊት ለፊት መስቀል ነው። ከውጭ የሚታይ መብራት ከውጭ ያለውን ነፍሳት ይጠራል። ባለቤቱ ገንዘቡን ከስክሶ ዝንብ ጋበዘ ማለት ነው። ሦስተኛው ከኮርኒስ ሥር ማንጠልጠል ነው። የቤት ዝንብ ቀን ቀን ዝቅ ብሎ ነው የሚበረው። ከወለል ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ያለው ከፍታ ይበቃል። የአየር ማራገቢያ በቀጥታ የሚነፍስበት ቦታም አይሆንም። ምርጡ ቦታ ነፍሳቱ ከሚገባበት በር ወደ ምግቡ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከውጭ የማይታይ ግድግዳ ነው። ማለትም ምግቡ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያገኘው። ከተዘጋጀ ምግብና ከመከተፊያ ጠረጴዛ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ።

ዱቄት የሚፈጭበት ወይም ብዙ የዱቄት ብናኝ የሚነሳበት ቦታ ያላቸው ሰዎች ይህን ልብ ይበሉልኝ። ብናኝ በአየር ላይ ሲበዛ በብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚመታው ወጥመድ ሥራው ብልጭታ መፍጠር ነው። እዚያ ፈጽሞ አይገባም።

አሁን ስለ ሰሌዳው በሰፊው ልጻፍ፤ ምክንያቱም ትልቁ ጥቅሙ መግደሉ አይደለም። ሰሌዳው ይናገራል። በወር አንዴ ሲቀየር (ብናኝ የበዛበት ቦታ ከዚያም ቀድሞ፣ ሙጫው በአቧራ ስለሚደርቅ) ወደ ቆሻሻ ከመጣሉ በፊት በደንብ ይታይ። ብዙ ትላልቅ የቤት ዝንቦች ካሉበት በር ክፍት እየተተወ ነው፣ ወይም የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ቀርቧል። አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያብረቀርቁ ዝንቦች በድንገት ከበዙ የሆነ ቦታ የሚበሰብስ ሥጋ ወይም የሞተ አይጥ አለ። የእሳት እራት የምትመስል፣ ፀጉራም ክንፍ ያላት ትንሽዬ ዝንብ ካለች ፍሳሹ ውስጥ ዝቃጭ ተጠራቅሟል። እሷን ወጥመድ አይጨርሳትም። የፍሳሹ ቱቦ ውስጡ በብሩሽ ሲፈገፈግ ነው የምትጠፋው። ትናንሽ የእህል እራቶች ከተገኙ መጋዘን ውስጥ ያለ ከረጢት ተበልቷል ማለት ነው፤ ከረጢቶቹ አንድ በአንድ ይታዩ። በኤሌክትሪክ የሚመታው ወጥመድ ይህን ሁሉ መረጃ አቃጥሎ ትሪ ውስጥ ይደፋዋል። ከቁራጭ ገላ ምን ሊነበብ ነው?

ለዚህ ነው ሰሌዳው ላይ ቀን ተጽፎ፣ ዓይነቱና ብዛቱ በደብተር ይመዝገብ የምለው። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ካለፈው ወር ይልቅ በዚህ ወር ከጨመረ አንድ ነገር ተለውጧል። ያ ነገር መፈለግ አለበት። ወጥመድ የሚይዘው የሚበረውን ብቻ ነው። በሞቃት አየር የቤት ዝንብ ከእንቁላል ተነስቶ በሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ በራሪ ይሆናል። አንዷ ዝንብ በአንድ ጊዜ ከመቶ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። የሚፈለፈሉበት ቆሻሻ ካልተነሳ የትኛውም ወጥመድ አይደርስባቸውም።

ለቤት የሚገዛ ሰው ጥያቄው ይለያል። ብዙውን ጊዜ ያስቸገረው ዝንብ ሳይሆን ትንኝ ነው። እዚህ ላይ ማንም እንዲታለል አልፈልግም። የምትናከሰው ትንኝ የምትመጣው ወደ ብርሃን አይደለም። የምትመጣው ወደ ትንፋሻችን፣ ወደ ላባችን ሽታና ወደ ገላችን ሙቀት ነው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ከየትኛውም ሰማያዊ አምፖል ይልቅ ይስባታል። በአሜሪካ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 በጋ በመኖሪያ ሰፈር የተሰቀሉ ስድስት የኤሌክትሪክ ወጥመዶች የገደሉትን ቆጠሩ። 13,789 ነፍሳት ተገኙ። ከእነሱ ውስጥ የሚናከሱት 31 ብቻ ነበሩ። ሌሎች ተባዮችን የሚበሉና የሚያጠፉ ጠቃሚ ነፍሳት ግን 1,868 ነበሩ። ግቢ ውስጥ ወጥመዱን አብርቶ የሚያድር ሰው ወዳጆቹን እየገደለ ነው።

ለትንኝ አጎበር፣ የመስኮት ወንፊትና የቆመ ውሃን መድፋት ይሻላል። በድምፅ አባርራለሁ የሚለውን ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ ደግሞ እርሱት። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመረምረው ኮክሬን የተባለ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ግምገማ አሥር የመስክ ጥናቶችን መርምሮ ከንክሻ እንደሚከላከል ምንም ማስረጃ አላገኘም። ወባ ባለበት አካባቢ በእንደዚህ ዓይነት ዕቃ ተማምኖ ያለ አጎበር መተኛት ሕይወት ያስከፍላል።

በፍራፍሬ ላይ ለሚርመሰመሱት ጥቃቅን ዝንቦችም ብርሃን ዋናው መፍትሔ አይደለም። እነሱን የሚስባቸው የመፍላት ሽታ ነው። ትንሽ ኮምጣጤ በብርጭቆ፣ ከላዩ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የበሰበሰውን ፍሬ ማንሳት ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል።

ዝንብና የእሳት እራት ለሚያስቸግረው ቤት ግን ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ባለ ሰሌዳ ወጥመድ ደህና ይሠራል። ማታ ሌላው መብራት ሲጠፋ ይበልጥ ይይዛል። ልጆች እጃቸው የማይደርስበት ይሁን። በኤሌክትሪክ የሚመታው ዕቃ ያለው ሰው ከማጽዳቱ በፊት ከሶኬት ነቅሎ ትንሽ ይቆይ፤ ሽቦው ከተነቀለ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ለእነዚህ መሣሪያዎች ራሱን የቻለ ዓለም አቀፍ የደህንነት ደረጃ አለ፤ ቁጥሩ አይ ኢ ሲ 60335-2-59 ነው። ዕቃው ላይ ወይም መመሪያው ላይ ይፈለግ።

ከመክፈል በፊት አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለ። መቀየሪያ ሰሌዳውና አምፖሉ ይገኛል ወይ? ሰሌዳው አልቆበት፣ ሙጫው ደርቆ፣ መብራቱ ብቻ የሚበራ ወጥመድ በየግድግዳው አያለሁ። እንደዚያ ያለ ዕቃ ዝንቡን ወደ ክፍሉ ይጠራና ዝም ብሎ ይለቀዋል። ስለዚህ መሣሪያውን ስትገዙ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ሰሌዳ አብራችሁ ግዙ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹም ጥያቄ አለኝ። የእነዚህ ዕቃዎች ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ አስተዋዋቂው ሦስት ነገር እንዲጽፍ ጠይቁልን፦ የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት፣ ነፍሳቱን በምን እንደሚይዝ፣ መቀየሪያው የት እንደሚገኝ። ምግብ ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ነገ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ቀና ብላችሁ ግድግዳችሁን እዩ። በኤሌክትሪክ የሚመታው ከመከተፊያው በላይ ተሰቅሎ ከሆነ የመጀመሪያው ደንበኛ ሳይገባ አውርዱት።

ከአክብሮት ጋር፣
በምግብ ንጽህና ቁጥጥር ሥራ ላይ ያለሁ አንባቢያችሁ