ከፊርማው በፊት የክትባት ቀን ይቆረጥ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

«እህትማማች» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው እንደ አዲስ አበባና ላይፕዚግ ያለው የባሕር ማዶ ወዳጅነት ነው። ከሩቅ ጋር መወዳጀት ቀላል ነው፤ የሚጋጩበት ግጦሽ የለም። ከአንድ ኤላ (የውኃ ጉድጓድ) በሚያጠጡ ጎረቤቶች መካከል ሲሆን ግን ሰነዱ በማግስቱ ይፈተናል። በኦሮሚያው ቦረናና በኬንያው ማርሳቢት ካውንቲ መካከል የእህትማማችነት ስምምነት ይኑር የሚለውን ሐሳብ እንደግፋለን። መጀመር ያለበት ግን ከባህል ሳምንትና ከልዑካን ጉብኝት ሳይሆን ከፍየል ክትባት ነው።

ጃንጥላ የሚሆነው ማዕቀፍ እንደሆነ አለ። ኃይለማርያም ደሳለኝና ኡሁሩ ኬንያታ በኅዳር 2008 ዓ.ም ሞያሌ ላይ የማርሳቢትንና የቦረናን ድንበር ዘለል የሰላምና የልማት ፕሮግራም አስጀምረዋል፤ ኢጋድና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምም አሉበት። በ2013 ዓ.ም ደግሞ የሞያሌው የጋራ የድንበር ኬላ ተመርቋል። የጎደለው ሌላ ትልቅ ሰነድ ሳይሆን ቀኑ የተቆረጠ ትንሽ ሥራ ነው።

ማን ይፈርም? ብዙ ጊዜ የሚሳተው እዚህ ላይ ነው። የማርሳቢት ገዥ በሕዝብ የተመረጠ፣ የራሱ ምክር ቤትና በጀት ያለው ነው። የቦረና ዞን አስተዳዳሪ ግን ተሿሚ ነው፤ ነገ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ይችላል። ስለዚህ የክልሉ መንግሥት ፈርሞ አፈጻጸሙን በጽሑፍ ለዞኑ ቢሰጥ ይሻላል። የውጭ ግንኙነት በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 የፌዴራል ሥልጣን ነው፤ በኬንያም የናይሮቢ ነው። ረቂቁ አስቀድሞ ለሁለቱም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮች ይላክ፤ «ውል» ሳይሆን «የመግባቢያ ሰነድ» ይባል፤ ስለ ወሰን፣ ስለ ቀረጥና ስለ ዜግነት አንዲት ቃል አይግባበት። እነዚህ ከገቡበት ወረቀቱ ዋና ከተማ ላይ ተኝቶ ይቀራል። የእንስሳት በሽታ ቁጥጥር ግን በኬንያ ሕገ መንግሥት ከካውንቲ ሥራዎች አንዱ ነው፤ በእኛም በኩል ክትባቱን የሚሰጡት የዞንና የወረዳ ባለሙያዎች ናቸው። የሁለቱም ወገን እጅ የሚደርሰው እዚህ ነው።

ፒፒአር የምንለው የበግና ፍየል «ደስታ መሰል» ተላላፊና ገዳይ በሽታ ኬላ አያውቅም። አንዱ ወገን ከትቦ ሌላው ካልከተበ፣ ያልተከተበው መንጋ ውኃ ፍለጋ ሲሻገር በሽታውን ይዞ ይመጣል፤ ከክትባቱ በኋላ የተወለዱት ግልገሎች ይረግፋሉ። የከብት ደስታ በሽታ በ2003 ዓ.ም ከዓለም መጥፋቱ ከመታወጁ በፊት የመጨረሻ መደበቂያው ይኸው የሶማሊያ፣ የኬንያና የኢትዮጵያ ድንበር አካባቢ ነበር። ፒፒአርንም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ዓለም አቀፍ ዕቅድ ተይዟል።

ገንዘብ አይሻገር፤ መድኃኒትም አይሻገር። ክትባት ማሻገር የሁለት አገር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ወራት ይበላል። እያንዳንዱ ወገን በራሱ በጀት የራሱን ይግዛ፤ ለእኛ ቢሾፍቱ የሚመረተው አለ። የሚሻገረው ቀኑ ብቻ ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የተሻለ ይመስለናል፦ ሐገያ የሚባለው አጭሩ ዝናብ አልፎ፣ እንስሳው ሳይከሳና መንጋው ርቆ ሳይበተን። በጀቱም ይገጥማል፤ የኬንያው ሰኔ 24፣ የእኛው ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ የሳምንት ልዩነት ነው።

ሜዳ ላይ ምን ይበላሻል? የ100 እንስሳ ብልቃጥ በ100 ሚሊ ሊትር ማቅለጫ ይበጠበጥና ለእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ከቆዳ ሥር ይወጋል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ከተበጠበጠ በኋላ ግፋ ቢል በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ፍየሎቹ ገና ከግጦሽ እየተነዱ ሳለ ብልቃጡ ቀድሞ ከተበጠበጠ ግን ፀሐይ ያገኘዋል፤ የሚወጋውም የሞተ ክትባት ይሆናል። መንጋው በረት ሳይገባ ብልቃጥ አይከፈት።

ሌላው ፎራ፣ ማለትም ከመንደር ርቆ የሚሰማራው መንጋ ነው። ቡድኑ ኦላ ለኦላ (መንደር ለመንደር) ዞሮ መንደር የቀረውን ይከትብና «ጨረስን» ይላል፤ ድንበር የሚሻገረው የፎራው መንጋ ሳይነካ ይቀራል። እሱ የሚገኘው ኤላው ላይ በሚጠጣበት ተራ ቀን ነው፤ ተራውን የሚያውቀው ደግሞ የውኃ ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ስለሆነ ዕቅዱ ከእሱ ጋር ይውጣ። የጆሮ ምልክቱም በሁለቱም አገር አንድ ዓይነት፣ በአንድ ጎን ይሁን። አለዚያ ኬንያ ውስጥ ሶሎሎ የተከተበችው ፍየል እኛ ዘንድ ሜጋ ላይ ዳግም ትወጋለች። አይጎዳትም፤ ግን አንዱ ክትባት ቢያንስ ለ3 ዓመት ስለሚከላከል መጠኑ በከንቱ ይባክናል።

ሞያሌ ከዞኑ ዋና ከተማ ከያቤሎ ወደ 200፣ ከማርሳቢት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው። የበሽታ ዜና በደንቡ ከሄደ ግን አዲስ አበባንና ናይሮቢን ዞሮ ነው የሚደርሰው። ሁለቱ የእንስሳት ሐኪሞች በ24 ሰዓት ውስጥ በቀጥታ እንዲደዋወሉ፣ ግልባጩም ወደ ላይ እንዲሄድ ሰነዱ ይፍቀድ። የሰው ስም ሳይሆን የሥራ መደብ ይጻፍበት። በነሐሴ 2019 ዓ.ም የኬንያ ምርጫ አለ፤ ከዚያ በፊት የካውንቲው ምክር ቤት ካላጸደቀው አዲስ ገዥ ሲመጣ ከዜሮ መጀመር ነው።

ስለ ቀጠሮም አንድ ነገር። ስዋሂሊ እንደ እኛው ሰዓትን ከንጋት ስለሚቆጥር በቃል ሲነጋገሩ ችግር የለም። የሚያሳስተው በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ደብዳቤ ነው፤ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት እዚያ 9 ተብሎ ይጻፋል፤ ይህን 9 ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ የተረዳ ቡድን የሚደርሰው ከቀጠሮው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ፣ ፍየሎቹ ከበረት ከወጡ በኋላ ነው። በደብዳቤው ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ቀኑም እንዲሁ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ ከቦረና