ልጁ በመጨረሻው ገጽ ላይ ባይናገርስ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣

ኦቲዝም ስላላቸው ልጆች ተረት ስለምትጽፈው ደራሲ ያወጣችሁትን አነበብኩ። በጣም ደስ አለኝ። ለደራሲዋ ግን አንድ ልመና አለኝ።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፤ አይናገርም። ቡና ስለቅም አጠገቤ በርጩማ ላይ ቁጭ ይልና ፍሬዎቹን በሰፌዱ ጠርዝ ዙሪያ ይደረድራል። ስንጥቃቸው ሁሉ ወደ ላይ ነው። አንዷ ከተገለበጠች ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኔ ያለፍኩትን የተበላሸ ፍሬም ነቅሶ የሚያወጣው እሱ ነው።

አምና እንደ እሱ ስላለ ልጅ የተጻፈ መጽሐፍ ገዛሁ። ታላቅ እህቱ አነበበችለት። መጨረሻው ገጽ ላይ ልጁ «እማዬ» ይላል፤ ሰፈሩ በእልልታ ይቀልጣል። ልጅቷ መጽሐፉን ከደነችና «የኛስ መቼ ነው የሚናገረው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ያን ቀን ማታ መጽሐፉን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት።

ኦቲዝም እንደ ጉንፋን ይዞ የሚለቅ ነገር አይደለም። ከልጁ ጋር አብሮ የሚያድግ የአእምሮ አሠራር ነው። አንዱ ዘግይቶ ይናገራል። አንዱ የሰማውን መልሶ ይደግማል። ሌላው በሥዕል ወይም እጅ ጎትቶ ይግባባል። ንግግር የታሪኩ ሽልማት ከሆነ ያልተናገረው ልጅ ምን ሊባል ነው?

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፍተው ስለ ልጃቸው በአደባባይ ሲናገሩ፣ ልጆቻችንን ቤት ለምንደብቅ እናቶች ወኔ ሆኑን። ጅማ ግን ከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እዚህ ዛሬም «ልክፍት ነው፣ ጠበል ውሰጂው» የሚለኝ አለ። መጽሐፍ ግን በቀላሉ እኛ ሰፈር ይደርሳል።

የሰፈር ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ድንጋይ አቁሞ ጎሉን የሚሠራው የኔ ልጅ ነው። በእርምጃው ይለካዋል። ማንም አይነካበትም። ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋ ጆሮውን ይዞ ግድግዳ ስር ይቀመጣል፤ ልጆቹም እስኪመለስ ጨዋታውን ያቆሙለታል። ደራሲዋ እንዲህ ያለውን ልጅ ትጻፍልኝ። በመጨረሻው ገጽ ላይም ዝም እንዳለ ጎሉን ይሥራ።

የሰፈራችን ልጆች ሲጫወቱ የሚያወሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ተረቷ በዚያ ቋንቋም ቢታተም እህቱ ደጅ አውጥታ ታነብላቸዋለች።

አንዲት እናት፣ ከጅማ