የቅዳሜ ስብሰባ፦ የድጋፍ ክፍላችን በር ለማን ይከፈት?

ውድ አባላት፣

አደንዛዥ ዕፅ ለሚጠቀሙ ወገኖቻችን የምናዘጋጀውን የድጋፍ ክፍል አሠራር ለመወሰን የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ በተለመደው አዳራሽ እንገናኛለን።

ዋናው ጉዳይ መግቢያው ነው። መታወቂያ ይጠየቅ፣ ዕፁንም አስቀድመው ያቁሙ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ በጽኑ እቃወማለሁ። ከበር የተመለሰ ሰው መርፌ መጋራቱን አይተውም፤ ኤች አይ ቪና ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ በዚያው መንገድ ይተላለፋሉ። ማቆም የሚፈልግ ሰውም ቢሆን መጀመሪያ የሚያምነው ሰው ያስፈልገዋል።

ኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይንና ሞርፊን ያለ ዕፅ) ከመጠን በላይ ወስዶ ትንፋሹ የደከመን ሰው የሚታደገው ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት በቤተሰብና በጓደኛ እጅም እንዲገኝ የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መክሯል። የጤና ባለሙያ አባላት መድኃኒቱ በከተማችን የሚገኝበትን መንገድ አጣርታችሁ ኑ።

ትርፍ ወንበርና የሻይ ዕቃ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁን፤ የማትመጡም በመግቢያው ላይ ያላችሁን አቋም ጻፉልን።