ለቅዳሜው ጥናት፦ ሳኦልና የበጎቹ ጩኸት

ሰላም ወገኖች፣ ለቅዳሜ 1ኛ ሳሙኤል 15ን አንብባችሁ ኑ። እግዚአብሔር በነቢዩ ሳሙኤል በኩል ንጉሥ ሳኦልን የአማሌቅን ሕዝብ ከነከብቱ ፈጽሞ እንዲያጠፋ አዘዘው። እኔን የያዘኝ ሳኦል እምቢ አለማለቱ ነው። ዘመተ፣ አማሌቅን መታ፤ ግን ንጉሡን አጋግን ከነሕይወቱ ማረከ፣ የሰቡትን በጎችና በሬዎች አስቀረ፣ የማይረባውን ብቻ አጠፋ። ከዚያ በቀርሜሎስ ለራሱ ሐውልት አቁሞ፣ ጌልገላ ላይ ሳሙኤልን ሲያገኘው የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ ይለዋል፤ በጎቹ እዚያው እየጮኹ! ሲጠየቅ ደግሞ ለመሥዋዕት ብሎ ያስቀረው ሕዝቡ ነው አለ። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ግማሽ መታዘዝን በአምልኮ መሸፈን። በድያለሁ ካለ በኋላ እንኳ የለመነው በሽማግሌዎች ፊት እንዲያከብረው ነው። ቁጥር 30ን ከዳዊት ንስሐ፣ ከ2ኛ ሳሙኤል 12 ጋር አስተያዩት። ሕፃናትን ሳይቀር ግደሉ የሚለው ትእዛዝ ራሱ የሚከብዳችሁም ጥያቄያችሁን ሳትደብቁ ይዛችሁ ኑ፤ በቂ ጊዜ እንሰጠዋለን።