የጥምቀት ወረቀት ብቻውን አይበቃም

ለአዘጋጁ፦

በጀሞና በለገጣፎ ተጠግተው ለሚኖሩ፣ ሃይማኖት በመለወጣቸው ከአገራቸው ለተሰደዱ ሰዎች፣ ጥገኝነት ሲጠይቁ «የጥምቀት ወረቀት ይዘህ ሂድ» የሚባለው ምክር እየጎዳቸው ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ስምምነት የሚመዘነው ቢመለሱ የሚደርስባቸው ማሳደድና በደል ነው። እምነታቸውን መቼ እንደለወጡ፣ ማን እንዳወቀባቸው፣ ማን ምን ብሎ እንደዛተ በቅደም ተከተል ይናገሩ። ቀኑ ከጠፋባቸው ለምሳሌ «ከፋሲካ በፊት» ይበሉ፤ በግምት የተሰጠ ቀን በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ሲለወጥ እውነተኛውም ታሪክ ይጠረጠራል።

የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ 1110/2011 ለማመልከት የሚሰጠው 30 ቀን ነው፤ በአቅራቢያ የስደተኞች መሥሪያ ቤት ከሌለ ለፖሊስ ጣቢያ ያመለክታሉ። ብዙዎች ይህን የሚሰሙት ዘግይተው መሆኑ ያሳዝነናል።

አስተርጓሚው የቀድሞ እምነታቸው ተከታይ ሆኖ ከፈሩት፣ ቃለ መጠይቁ ሳይጀመር ሌላ ይጠይቁ። የሰጡት ቃል ተነቦላቸው ስህተቱ ሳይታረም አይፈርሙ።

ስደተኞችን የምንረዳ በጎ ፈቃደኞች፣ ከለገጣፎ