ዋይፋይ ጠፋ ተብሎ ፎርማት አይደረግም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሊኑክሱን አፕዴት ካደረገ በኋላ ዋይፋይ እምቢ ላለው አንባቢ በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ «ፎርማት አድርገህ እንደገና ጫን» ብላችሁታል። ኧረ ተዉ! ስንት ጊጋባይት በሞባይል ዳታ ሊያወርድ ነው? ሰፈር ያለ የኮምፒውተር ጠጋኝ ሁሉ ይህንኑ ይላል፣ ጋዜጣ ግን ትንሽ ቢያስብበት ጥሩ ነበር።

ዋይፋዩን የሚያሠራው ድራይቨር ከርነሉ (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ላይ የሚጫን ሞጁል፣ ማለትም ተጨማሪ የፕሮግራም ቁራጭ ነው። እያንዳንዱ ሞጁል ለየትኛው የከርነል ቨርዥን እንደተሠራ የሚናገር «ቨርማጂክ» የሚባል ጽሑፍ በውስጡ አለው፣ ያ ጽሑፍ እየሠራ ካለው ከርነል ጋር ካልገጠመ ከርነሉ አላስገባም ይላል። አብዛኞቹ ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አብረው ስለሚመጡ ይህ አይገጥማቸውም። የሚቸገሩት ለብቻቸው የሚጫኑት ናቸው፦ የአንዳንድ ብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶች፣ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ፣ የቨርቹዋልቦክስ ፕሮግራም።

መጀመሪያ ሪስታርት ይደረግ። አዲሱ ከርነል ዲስክ ላይ ቢቀመጥም ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሳ የሚሠራው አሮጌው ነው። ካልሆነ ትእዛዝ በሚጻፍበት ቴርሚናል ላይ «ዩኔም -አር» (uname -r) እየሠራ ያለውን ከርነል ያሳያል፣ «ሞድኢንፎ» (modinfo) ደግሞ የሞጁሉን ቨርማጂክ። ቁጥሮቹ ከተለያዩ በሽታው ታወቀ ማለት ነው። መድኃኒቱ የአዲሱን ከርነል ሄደር ፓኬጅ (ሞጁል ለመሥራት የሚያስፈልጉ የከርነሉ ፋይሎች) ጭኖ ሞጁሉን እንደገና ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ከምንጭ ኮዱ ለአዲሱ ከርነል መሥራት ነው። ዲኬኤምኤስ (DKMS) የሚባለው መሣሪያ ይህን በየአፕዴቱ ራሱ ይሠራል፣ ሄደር ከሌለ ግን እሱም ምንም አያደርግም። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ «ሊኑክስ-ሄደርስ-ጀነሪክ» (linux-headers-generic) አንዴ ከተጫነ ሄደሩ ከመደበኛው ከርነል እኩል ይታደሳል።

አንዳንዱ ደግሞ «ሞጁሉን በሞድፕሮብ (ሞጁል በሚያስገባው ትእዛዝ) በግድ አስጭነው» ይላል። በፍጹም! ከርነሉ ውስጥ የዳታ አቀማመጥ ተቀይሮ ከሆነ ሞጁሉ የማያገባው ሜሞሪ ላይ ሊጽፍ ይችላል፣ ያኔ ዋይፋይ ቀርቶ ማሽኑ ራሱ ቀጥ ይላል፣ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል።

ጠያቂው ወንድሜ፣ እስካሁን ፎርማት ካላደረግህ እንዲህ ሞክር። ማሽኑ ሲነሳ የግረብ ሜኑ (ከርነል የሚመረጥበት የመነሻ ዝርዝር) ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተህ አሮጌውን ከርነል ምረጥ። ሞጁሉ ለእሱ የተሠራው እዚያው ስላለ ዋይፋይህ ይመለሳል፣ የአዲሱን ሄደር በዚያው ታወርዳለህ። አሮጌው ተሰርዞ ከሆነ ስልክህን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝና ኢንተርኔቱን አጋራ።

አክባሪ አንባቢያችሁ